ፈንዲሻ የቡና ነው

ፊልም ሲባል ፈንዲሻ ትዝ የሚላችሁ አንባብያን እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኛ ቤት ግን ፈንዲሻ የቡና ነው። ረከቦቱ ሲቀርብ፣ ዕጣኑ ሲጨስ፣ ያኔ ነው የሚታሰበው። ስለዚህ ባለፈው ዓመት «ዓርብ ዓርብ ማታ ቤታችን ቁጭ ብለን አንድ ፊልም እንይ» የሚል ሐሳብ ሳቀርብና ታናሽ እህቴ «ፈንዲሻውን እኔ አዘጋጃለሁ» ስትል፣ አያቴ ከመኝታ ክፍላቸው ሆነው «ፈንዲሻ ራት ነው እንዴ?» አሉ። እውነት ነው፣ ራት አይደለም። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ፊልም የሚስማማውን ራት መፈለግም ማብሰልም የኔ ሥራ ሆነ። በዚህች ጽሑፍ የማወራችሁም ስለዚሁ ነው። የፊልም ሂስ የጠበቃችሁ ይቅርታ፤ እሱን የሦስተኛ ዓመቶች ይጽፉላችኋል።

ስለ አያቴ ትንሽ ማለት አለብኝ። የእናቴ እናት ናቸው። ሰባዎቹን አጋምሰዋል። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ ሰፈርተኛው ሁሉ «ሞራ ነው፣ ይገፈፋል» ይል ነበር። ሐኪሙ ግን ግላኮማ መሆኑን ነገረን። የዓይን ውስጥ ግፊት ነርቩን ቀስ እያለ ይጎዳዋል፤ የጠፋው እይታ አይመለስም፤ ጠብታው የሚረዳው የቀረውን ለማቆየት ብቻ ነው። አሁን ብርሃንና ጥላ ይለያሉ። ሰው በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ ያውቃሉ። ፊት ግን አያዩም።

ዓይን ሲሄድ ምን ይዞ እንደሚሄድ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አስቤ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ሄደ። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 በአማርኛ የተተረጎሙ የውጭ ድራማዎችን ይዞ ከመጣ ጀምሮ የቤታችን ቁጥር አንድ ተመልካች እሳቸው ነበሩ። የቱርኮቹን ገጸ ባሕርያት ከጎረቤት ልጆች ለይተው ያውቋቸው ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ቀስ በቀስ «ይቺ የምታለቅሰው ማናት?» ማለት ጀመሩ፤ ከዚያ መጠየቁንም ተዉት። ቀጥሎ የሄደው ደግሞ ይብሳል። ማዕዱ ሄደ። አንድ ትሪ ላይ አራት ዓይነት ወጥ ሲወጣ የቱ የት እንዳለ ማወቅ ለማያይ ሰው ቀላል አይደለም። እማዬ እጃቸውን ይዛ «ይኸው ምስሩ፣ ይኸው ጎመኑ» ትላቸዋለች። አንድ ቀን እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉና «ሕፃን አይደለሁም» አሉ። ከዚያ በኋላ «ደክሞኛል»፣ «ጸሎት ላይ ነኝ» እያሉ በሰሀን ለብቻቸው መኝታ ክፍላቸው ይበሉ ጀመር። ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል የሚለውን ተረት ለእኛ ያስተማሩን እሳቸው ነበሩኮ!

ስለዚህ የመጀመሪያውን ፊልም ስመርጥ ሁለት ነገር ፈለግኩ። ቋንቋው አማርኛ እንዲሆን፣ ራቱ ደግሞ ዓርብ ነውና የጾም እንዲሆን። «ላምብ» በሚል ርእስ ለዓለም የቀረበው የያሬድ ዘለቀ ፊልም ሁለቱንም አሟላልኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ዝርዝር ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የተባለ ልጅ፣ አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ቹኒ ከተባለች በጉ ጋር ከዘመድ ቤት ይቀራል። አጎቱ ቹኒን ለበዓል ሊያርዳት ያስባል። ልጁ ደግሞ የምግብ እጅ አለውና ሳምቡሳ እየሠራ ገበያ ይሸጣል፤ ወደ ቤቱ መመለሻ ገንዘብ ሊያጠራቅም። ጾም ባይሆን እንኳ ይህን ፊልም እያዩ የበግ ጥብስ የሚበላ ጨካኝ ያለ አይመስለኝም። ራቱ ሳምቡሳ ሆነ።

ግማሽ ኪሎ ምስር፣ አንድ ኪሎ ዱቄት፣ ሽንኩርትና ቃሪያ። ወደ አርባ ሳምቡሳ ወጣው። (ምስሩ እንዳይላም እዩት፤ ከላመ ሊጡን ያረጥበዋል፣ ዘይት ውስጥም ይፈታል።) የመጀመሪያው ዙር ሲጠበስ የአያቴ በር ተከፈተ። ማንም አልጠራቸውም። ሽታው ነው የጠራቸው። ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ መጥተው ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ ሁለት ሳምቡሳ በጨርቅ ይዤ እጃቸው ላይ አኖርኩ። ሳምቡሳ በየት በኩል ቢይዙት ሳምቡሳ ነው። «ይኸው ምስሩ» የሚል አያስፈልገውም፤ ምስሩ እውስጡ ነው።

አባዬ በወጣትነቱ ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያ ይመላለስ የነበረ ሰው ስለሆነ፣ መብራት ካልጠፋ ፊልም አይመስለውም። ተነሥቶ አጠፋው። በጨለማው ውስጥ እህቴ አዋዜውን ሶፋው ላይ ደፋች፣ እማዬ ከሻይ ብርጭቆው ጋር ተጋጨች፣ እኔም ባዶ ሳህን እዳብስ ነበር። አያቴ ብቻ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም፣ ምንም አላፈሰሱም። «ምነው፣ አታዩም እንዴ?» አሉና ሳቁ። ከስንት ጊዜ በኋላ!

በእርግጥ ፊልሙ ውስጥ እኔንም የነካኝ ነገር ነበር። አጎትየው ልጁ ምግብ በመሥራቱ ይናደዳል፤ የሴት ሥራ ነው ባይ ነው። አባዬ ይህን ሲሰማ ጉሮሮውን ጠረገ። ምክንያቱን አውቃለሁ። ሳምቡሳውን ስጠቀልል ማጀት ብቅ ብሎ «ፈተና የለህም?» ብሎኝ ነበር። የዚያን ማታ ግን ዘጠኝ ሳምቡሳ በልቷል። ቆጥሬያለሁ።

ከዚያች ማታ በኋላ አንድ ነገር ገባኝ። ሰዎች ራትና ፊልም ሲያዛምዱ በፊልሙ ውስጥ የሚበላውን ለመኮረጅ ይሞክራሉ። የጣልያን ማፊያ ከሆነ ፓስታ፣ የጃፓን ከሆነ... እግዜር ይወቀው። እኔ የምለው፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ፊልሙ ውስጥ ምን እንደሚበላ ሳይሆን እዚህ ሶፋ ላይ ማን እንደተቀመጠ ነው። በጨለማ የሚበላ፣ በእጅ የሚያዝ፣ ከመቅረቡ በፊት የሚሸት። ይህን ካሟላ ወደ ፊልሙ መሄድ ይቻላል። «ዘ ጎድፋዘር»ን ያየን ዕለት ለምሳሌ፣ ወፍራሙ ክሌሜንዛ ማይክልን የቲማቲም ስጎ አሠራር የሚያስተምርባት ቦታ አለች። ስጋውን ትተን ነጭ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ወሰድን፤ በፓስታው ፈንታ መኮረኒ ሆነ፣ በጎድጓዳ ሳህንና በማንኪያ። ፓስታ በጨለማ? ሶፋችን ገና ከአዋዜው አላገገመም።

የውጭ ፊልም ሲመጣ ግን ሌላ ሥራ ተጨመረልኝ፤ ማስተርጎም። እኔ የቋንቋ ተማሪ ስለሆንኩ ንግግሩን ሁሉ ቃል በቃል ለማድረስ ስሯሯጥ አያቴ አስቆሙኝ። «የሚሉትን ተወው። ምን እያደረጉ ነው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የምነግራቸው ማን ማንን እንዳየ፣ ማን ፊቱን እንዳዞረ፣ እጁ የት እንዳለ ነው። ሞክሩት፤ ከምትገምቱት በላይ ይከብዳል። አንድ ተዋናይ ዝም ብሎ መስኮት ሲያይ ምን ትላላችሁ? «አዝኗል» ካልኩ «አዝኗል አትበለኝ፣ እኔ እፈርዳለሁ» ይሉኛል። የትምህርት ክፍላችን የድራማ ኮርስ ይህን ያህል አላስጨነቀኝም።

በጣም የተከራከርንበት ፊልም «የባቤት ድግስ» ነው። የዴንማርኩ ገብርኤል አክሰል እ.ኤ.አ. በ1987 የሠራውና ኦስካር ያገኘ፣ ከካረን ብሊክሰን ታሪክ የተወሰደ። ሁለት እህትማማቾች በባሕር ዳርቻ መንደር ጥብቅ የሆነ መንፈሳዊ ኑሮ ይኖራሉ፤ ምግባቸው ደረቅ ዓሣና የዳቦ ሾርባ ነው። ከፓሪስ ሸሽታ የመጣች ባቤት የተባለች ሴት ቤታቸው ተቀጥራ ለዓመታት ያንኑ ሾርባ ትሠራለች። ከዚያ በሎተሪ 10,000 ፍራንክ ይደርሳትና ገንዘቡን በሙሉ ለአሥራ ሁለት ሰው አንድ ራት ታወጣዋለች። የኤሊ ሾርባ፣ ድርጭት፣ ወይን። እኔ ለባቤት ድግስ አቅሙም ጾሙም ስለማይፈቅድልኝ የእህትማማቾቹን ራት አቀረብኩ፤ የአጃ ሾርባ በኩባያ፣ የደረቀ ዳቦ በጎን። ሰዎቹ በስክሪኑ ላይ ድርጭት ሲበሉ እኛ አጃ እንጠጣለን። አባዬ «ይህ ግፍ ነው» አለ።

አያቴ ገንዘቡ አለቀ ብለው አልተከራከሩም። ያ ገብቷቸዋል፤ ማኅበር ጠጥተው፣ ዝክር ዘክረው የኖሩ ሴት ናቸው፤ ድግስ ቤት ባዶ እንደሚያደርግ ያውቃሉ። የተናደዱት በእንግዶቹ ነው። የመንደሩ ሰዎች ምግቡ ኃጢአት እንዳይሆንባቸው ፈርተው ስለሚበሉት ነገር አንዲት ቃል ላለመናገር ይማማላሉ። ይህን ስነግራቸው ኩባያቸውን አስቀመጡ። «አንድም ሰው አልመረቃትም? 'እጅሽን ቁርጥማት አይንካው' የሚል ጠፋ?» አንድ ጄኔራል ምግቡን ያደንቃል አልኳቸው። «እሱ ለራሱ ነው የሚያወራው። ለእሷ ማጀት ድረስ ሄዶ ነግሯታል?» አልሄደም። እኔ ይህን ፊልም ሁለት ጊዜ አይቼው ነበር፤ ይህን ግን አላሰብኩትም። ፊልሙ ሲያልቅ አባዬ መብራቱን አብርቶ ተቀመጠና፣ ወደኔ ሳያይ፣ «አጃው ጥሩ ነበር፣ እጅህ ይባረክ» አለ። አያቴ «አሁን ሰው ሆንክ» አሉት።

«ራታቱይ»ን አልደብቃችሁም፤ ጭቅጭቅ ነበር። እ.ኤ.አ. የ2007ቱ የፒክሳር ካርቱን፣ አይጥ ምግብ አብሳይ የሚሆንበት። ምግቡ ለዓርብ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል፤ ደበርጃን፣ ዝኩኒ፣ ቲማቲምና ቃሪያ፣ አንዳች የፍስክ ነገር የለበትም። ኦቭን ስለሌለን በብረት ድስት በከሰል ላይ ቀስ አድርጌ አበሰልኩትና በቂጣ ጠቅልዬ ሰጠሁ። (መብራት በዚያ ሰሞን ይጠፋብን ነበር፤ ፊልሙን በላፕቶፕ፣ ራቱን በከሰል ማለት በሁለቱም በኩል መድኅን ነው።) ችግሩ አይጡ ነበር። «አይጥ ማጀት ገብታ፣ ድስት ነክታ፣ ሰው በላው?» አያቴ ቂጣውን ሊመልሱት ምንም አልቀራቸውም። ነገር ግን ያ ኮስታራ የምግብ ሐያሲ አንድ ጉርሻ ቀምሶ በሐሳቡ ወደ ልጅነቱ፣ ወደ እናቱ ማጀት የሚመለስባትን ቦታ ስነግራቸው ዝም አሉ። ቆይተው «እኔን የስንዴ እሸት ነው የሚወስደኝ» አሉ። «ሲጠበስ ጸጉሩ ሲለበለብ የሚሸተው።» ወቅቱ ስላልነበረ ላቀርብላቸው አልቻልኩም። እሸት ሲደርስ ምን ፊልም እንደምከፍት እስካሁን አልወሰንኩም፤ ሐሳብ ያላችሁ ንገሩኝ።

አሁን ወደ ዘንድሮው በዓለ ሃምሳ ልምጣ። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ ስለዚህ ለሰባት ሳምንት ያህል እጄ ተፈታ። ያኔ የመረጥኩት እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣውን «ቢግ ናይት» ነው። ፕሪሞና ሴኮንዶ የተባሉ ጣልያናውያን ወንድማማቾች አሜሪካ ውስጥ የከፈቱት ምግብ ቤት ሊዘጋባቸው ደርሷል። ታዋቂ ዘፋኝ ይመጣል ተብሎ ያላቸውን ሁሉ አውጥተው ይደግሳሉ። ዘፋኙ አይመጣም። ወንድማማቾቹ ይጣላሉ፣ ይደባደባሉም። ሲነጋ ሴኮንዶ ማጀት ገብቶ እንቁላል ይጠብሳል። ይህች የመጨረሻዋ ቦታ ናት፤ ንግግር የሚባል ነገር የለባትም ማለት ይቻላል፣ ካሜራውም ቆሞ ያያል።

እንቁላሉን ለመጨረሻዋ ቦታ አስቀረሁት። አምስት ደቂቃ ሲቀረው ፊልሙን አስቁሜ መጥበሻውን በከሰል ምድጃው ላይ አድርጌ ሳሎን አመጣሁት። እማዬ «ቤቱን ልታቃጥለው ነው?» አለች። ቂቤው ሲቀልጥ ፊልሙን መልሼ ከፈትኩ። በስክሪኑም በምድጃውም እንቁላል ገባ፤ ሁለቱም ተንጫጩ። የትኛው የየትኛው እንደሆነ ለመለየት ያስቸግር ነበር። እኔም እንደ ልማዴ «አሁን ወንድምየው ገባ፣ ቆሞ...» ብዬ ልጀምር ስል አያቴ እጄን ያዙ።

«ዝም በል» አሉኝ። «ይሰማኛል።»

ዝም አልኩ። እንቁላሉን አገላበጥኩት፣ በዳቦ አድርጌ ለሁሉም አደልኩ። ከስክሪኑ በኩል የሹካ ድምፅ መጣ፣ ከዚያ የወንበር። አያቴ ዳቧቸውን እንደያዙ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «ታረቁ አይደል?» አሉ። አባዬ ነው የመለሰላቸው፤ «ትከሻውን አቀፈው» አላቸው።