ያላየነው ዝናብ

እኛን የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎችን የሳይንስ ጓደኞቻችን «እናንተ ስለ ዝናብ የምታውቁት ግጥሙን እንጂ ልኩን አይደለም» እያሉ ይቀልዱብናል። ባለፈው ክረምት ግን ልኩንም ቀመስነው። ታሪኩ እኛን ቢያሳፍርም ሌላውን ይጠቅም ይሆናል ብለን ይህን ጻፍን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ሆነን የዕረፍት ጊዜያችንን በሰሜን ሸዋ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ በአንዳችን ወላጆች ቤት አሳለፍን። የጓደኛችን አባት፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ የአየር ጠባይ መዝጋቢ ናቸው። 22 ዓመት ሙሉ በየቀኑ ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ በአጥር ወደ ተከለለው ነጭ ሣጥን ሄደው ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ሙቀት ያነባሉ፤ በዝናብ መለኪያው የተጠራቀመውንም ውሃ ይለካሉ። በነሐሴ መባቻ ለሕክምና አዲስ አበባ መሄድ ግድ ሲሆንባቸው ሥራውን ለእኛ አደራ ሰጡን። «የተማራችሁ ናችሁ፤ ይህ አያቅታችሁም» አሉን።

በመጀመሪያው ሳምንት ትጉሃን ነበርን። ሣጥኑ ነጭ የሆነው የፀሐይን ጨረር እንዲመልስ፣ ግድግዳው በርብራብ የተሠራውም ነፋስ እንዲያሳልፍ መሆኑን ተረዳን። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ የወረደ 1 ሊትር ውሃ መሆኑንም አውቀን እንደ ሊቅ መነጋገር ጀመርን።

ቡሄ መጣ። በዋዜማው ችቦ ስናበራና ሙልሙል ስንበላ አመሸን፤ ሌሊቱን ዝናብ ጣለ፤ ነሐሴ 13 ቀን ጧት አንዳችንም ከብርድ ልብስ አልወጣንም። በማግሥቱ ብንለካ 31 ሚሊ ሜትር ሆነ። የሁለት ቀን ድምር መሆኑ ገብቶናል፤ ባዶ መስመር ማሳየት ግን አፈርን። ስለዚህ 15ቱን ለትናንት፣ 16ቱን ለዛሬ አካፈልን፤ የትናንቱንም ሙቀት ከትናንት ወዲያው ገለበጥን። መዝገቡ አማረ።

አባባ በጳጉሜን ተመለሱ። መነጽራቸውን አድርገው ገጹን በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱና ነሐሴ 13 ላይ ቆሙ። ሁለት ቀን በተከታታይ ከፍተኛውም ዝቅተኛውም ሙቀት እስከ ነጥቡ አንድ ነው። «ልጆቼ፣ በዚህ ቀን ያነበበው ማን ነው?» አሉ። ዝም አልን። አልተቆጡም። በጻፍነው ላይ፣ የቀድሞው እንዳይጠፋ አድርገው፣ አንድ ቀጭን መስመር አሰመሩ፤ ከዚያም በአንዱ ትይዩ «አልታየም»፣ በሌላው ትይዩ «የሁለት ቀን ድምር» ብለው ጻፉ። «አልታየም ማለት ነውር የለውም፤ ያላዩትን አየሁ ማለት ግን...» ብለው ሳይጨርሱት ተዉት።

ከዚያ ወዲህ ስናስበው፣ ትልቁ ጥፋታችን መተኛታችን ሳይሆን ማሳመራችን ነው። 31 ሚሊ ሜትሩ በአንድ ሌሊት ወርዶ እንደ ሆነ አፈር ሊያጥብ የሚችል ነው፤ ለሁለት ቀን ተከፍሎ እንደ ሆነ ለሰብል የሚስማማ ነው። የትኛው እንደ ነበረ አሁን ማንም አያውቅም። ትንበያ ሰጪው የተናገረው መድረስ አለመድረሱን የሚያጣራው በእንዲህ ያለ መዝገብ ነው። ሳተላይት ከላይ ሆኖ የገመተው ዝናብ እንኳ የሚመዘነው መሬት ላይ ባለው መለኪያ ነው። የአንድ ቦታ የተለመደ ዝናብ የሚባለውም የ30 ዓመት አማካይ ነው። በ2007 ዓ.ም. ኤል ኒኞ የብዙ አካባቢዎችን ክረምት ባሳነሰ ጊዜ፣ ዝናቡ ከልኩ ጎደለ ለማለት የተቻለው የቀድሞው ልክ ተጽፎ ስለ ቆየ ነው።

ውድ አንባብያን፤ ነገ አስተማሪ ወይም ሹም ሆነን ሪፖርት የምንጽፍ እኛው ነን። ያን ጊዜም ባዶ መስመር ማሳፈሩ አይቀርም።

በሚመጣው ክረምት እንደገና እንድንረዳቸው አባባን ጠይቀናቸው ነበር። «ኑ፤ ነገር ግን የቡሄን ጧት እኔው ራሴ እወጣለሁ» ብለውናል።