የአያቴ ሣጥን

መምህራችን «ስለ አገራችሁ ታሪክ ጠይቃችሁ ጻፉ» ባሉን ጊዜ ያሰብሁት ስለ ትልልቅ ጦርነቶች ለመጻፍ ነበር። በምዕራብ ወለጋ ያለችው ቦጂ ትንሽ ከተማ ናት፤ «ስለ እርሷና ስለ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያኗ ምን የሚጻፍ አለ?» ብዬ ንቄ ተውሁት።

ለዕረፍት ቤት ገብቼ ይህንኑ ለአያቴ ብነግራቸው ከአልጋቸው ሥር የእንጨት ሣጥን ስበው ጠርዙ ያለቀ መጽሐፍ አወጡ። የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ የተጻፈው ግን በግዕዝ ፊደል ነው። እኔ ኦሮምኛን የተማርሁት በቁቤ ስለ ሆነ ንባቡ እንግዳ ሆነብኝ። «ዓይኔ ደክሟል፤ አንብብልኝ» አሉኝ። ስንተባተብ ሰምተው ሳቁና የቀረውን በቃላቸው ጨረሱልኝ። እኔም አፈርሁ።

ከዚያ በኋላ ጠየቅሁ፤ አነበብሁም። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጠው፣ በምጽዋ እ.ኤ.አ. በ1870 ነጻ የወጡ ሰው ናቸው። እንደ እርሳቸው ከባርነት ከተፈታችው ከአስቴር ጋኖ ጋር በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ሲደክሙ ቆይተው፣ የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ከኤርትራ ተነሥተው ቦጂ ደርሰው ነበር። በ1905 በእሳት አደጋ ሞቱ፤ ማኅበሩ ግን አልተበተነም። ኦኔሲሞስም በ1904 ወለጋ ገብተው፣ በ1931 እስኪሞቱ ድረስ በነቀምቴ አስተማሩ።

በ1959 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ተመሠረተች። ዋና ጸሐፊዋ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ የቦጂ ተወላጅ ነበሩ። በዘመነ ደርግ፣ በ1979፣ ታፍነው ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው በ1992 ነው። በዚያው ዘመን በወለጋ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ።

አያቴ ይህን መጽሐፍ የደበቁት ያን ጊዜ ነው። ቀን በበቆሎ ጆንያ ሥር ይውላል፤ ማታ ሁለት ሦስት ጎረቤት ቡና ለመጠጣት መስሎ ሲመጣ ይወጣል። መብራቱ ዝቅ ይላል፤ ድምፅም እንዲሁ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?» አልኋቸው።

«መቼ ጠየቅኸኝ?» አሉ። ጥቂት ዝም ብለውም «እኛ ከወታደር ሸሸግነው፤ አንባቢ ካጣ ግን ከሣጥን መውጣቱ ምን ይረባዋል?» አሉኝ።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ዕረፍቱ እስኪያልቅ ማታ ማታ አነበብሁላቸው። ዛሬም ቤት በሄድሁ ቁጥር አነባለሁ፤ መንተባተቤም ቀንሷል፤ እርሳቸው ግን ስሳሳት ማረማቸውን አልተዉም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ በየቤታችሁ ያልተከፈተ ሣጥን ይኖር ይሆናል። ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ጠይቁ።