ዝም ያለውን ጎጆ ማን ይቆጥረዋል?

ፍራንክፈርት ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ኤርፖርቱና ባንኩ ነው። ግንደ ቆርቁርም ሞልቷታል። እኔ በምኖርበት ኡንተርሊደርባህ፣ ከታውኑስ ተራራ ወርዶ ሆህስት ላይ ማይን ወንዝ በሚገባው የሊደርባህ ጅረት ዳር፣ ማርች ላይ በማለዳ ደረቅ ቅርንጫፍ ሲደበደብ ይሰማል። ደብዳቢው ጀርመኖች ቡንትሽፔሽት የሚሉት ጥቁርና ነጭ ወፍ ነው።

የዚህን ወፍ ጎጆ ተከታትሎ ጫጩቶቹ በረሩ ወይስ ጠፉ ብሎ መመዝገብ ቀላል ይመስላል፤ ጫጩቶቹ ራሳቸው ያጋልጣሉና። ሜይ መጨረሻ ላይ ግንዱ ውስጥ ሆነው ያለማቋረጥ ይንጫጫሉ። ሊወጡ ሲቃረቡ አንዱ ከቀዳዳው ብቅ ይላል፤ አናቱ ቀይ ነው። አባትየው ቀይ ያለው ማጅራቱ ላይ ብቻ ነው፤ እናትየው አናቷም ማጅራቷም ጥቁር ነው።

ጣጣው ያለው ግን እዚሁ ቅለቱ ላይ ነው። በጩኸት የተገኘ ጎጆ እኮ የፈተናውን ግማሽ ያለፈ ጎጆ ነው። ገና በእንቁላሉ የጠፋው፣ ሽታር የሚባለው ወፍ ቀዳዳውን የቀማው፣ ሸለምጥማጥ መሰሉ ማርደር የበላው አይጮኽም፤ ስለማይጮኽም መዝገብ ውስጥ አይገባም። ከዚያ «ካገኘኋቸው 10 ጎጆዎች 9ኙ ተሳካላቸው» እንላለን። አልዋሸንም፣ ቁጥሩ ግን ያሳስታል።

ለዚህ መላ ያበጀው አሜሪካዊው ሃሮልድ ሜይፊልድ ነው፤ ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1961 ወጣ። የሚገርመኝ፣ እንጀራው ከወፍ ጥናት አልነበረም። ሐሳቡ ጎጆን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ጎጆ በክትትል ሥር የቆየበትን ቀን መቁጠር ነው። የጠፉትን ጎጆዎች ለጠቅላላው ቀን ስታካፍሉ የዕለቱ የመጥፋት መጠን ይወጣል። የቡንትሽፔሽት እንቁላል 12 ቀን ያህል ይታቀፋል፤ ጫጩቶቹ 23 ቀን ገደማ ይቆያሉ፤ ድምሩ 35። ጎጆው በየቀኑ የመትረፍ ዕድሉ 99 ከመቶ ቢሆን እስከ መጨረሻው የሚዘልቀው 70 ከመቶ ገደማ ነው። 98 ከሆነ ግን ግማሹ ይቀራል!

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከጩኸቱ በፊት፣ ኤፕሪል ላይ፣ ዛፍ ሥር የረገፈ ትኩስ የእንጨት ፍቅፋቂ በመፈለግ ነው። ወላጆቹ እየተፈራረቁ ሲያቅፉ ከሩቅ በመነጽር ማየት ይበቃል፤ ሌሊት የሚያቅፈው ወንዱ ነው። ካሜራ በዘንግ አስሮ ቀዳዳ ውስጥ መክተት ፈቃድ ላላቸው ባለሙያዎች ይተው።

ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማይገኝ የራሳችን ግንደ ቆርቁር አለን፤ ስለ እርባታው የተጻፈው ግን በጣም ጥቂት ነው። ደጋ ያላችሁ፣ ጽድና ኮሶ ባለበት የምትኖሩ ወይም የቤተ ክርስቲያን አጸድ የምታዘወትሩ፣ ጎጆ ካገኛችሁ ያገኛችሁበትን ቀንና በሕይወት ያያችሁበትን የመጨረሻ ቀን ጻፉ። ባዶ ሆኖ ያገኛችሁትንም አትተዉት።