መቻልን ትቼ ልሂድ?

የዘንድሮን ጥምቀት ጎንደር ላከብር ካሰብኩ ቆየሁ። እናቴም በደወለች ቁጥር «መቼ ነው የምትመጪው?» ትለኛለች። እስካሁን ግን ቲኬት አልቆረጥኩም፤ ምክንያቱ ውሻዬ መቻል ነው።

መቻል አርጅቷል። ኩላሊቱ ስለደከመ ውሃ እየደጋገመ ይጠጣል፣ ሌሊት ሌሊትም ለሽንት ይቀሰቅሰኛል። የኋላ እግሮቹን መገጣጠሚያ ስለሚያመው ሊነሳ ሲል የፊት እግሮቹን ተክሎ ትንሽ ይቆያል። ያኔ አሮጌ ነጠላ ከሆዱ ሥር አሳልፌ ቀስ አድርጌ አነሳዋለሁ። መድኃኒቱንም በተፈጨ ሥጋ ጠቅልዬ ካልሰጠሁት አይውጥም።

«ውሻ ነው እኮ፣ ዘበኛው ያበላዋል» የሚሉኝ አሉ። ማብላቱንስ ያበላዋል። ግን ምግቡን አሽትቶ ቢተወው፣ ጠግቦ ይሁን አሞት ማን ይለይለታል? አንዱ አዝኖለት አይቡፕሮፌን ቢሰጠውስ? ለእኛ ማስታገሻ የሆነው ኪኒን የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው።

ይዤው እንዳልሄድ መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የዓባይ በረሃን ቁልቁለትና ዳገት በዚህ ጉልበቱ አይችለውም።

የእናቴም ዕድሜ እየገፋ ነው፤ የከበደኝም ይኸው ነው። እሷን ግን በስልክ ላስረዳት እችላለሁ፣ ለፋሲካም እደርስላታለሁ። እሱ የት እንደጠፋሁበት የሚነግረው የለም።

ስለዚህ ዘንድሮ አልሄድም። እናንተ የታመመ እንስሳ ትታችሁ መሄድ ግድ ከሆነባችሁ ግን፣ የሐኪሙን ስልክና የመድኃኒቱን ሰዓት ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ እንስሳውን የሚረከብላችሁንም ሰው ቀደም ብላችሁ አለማምዱት።