አያቴና ደብተራቸው

በሥነ ልቦና ትምህርት ስለ አልበርት ባንዱራ ተማርን። እ.ኤ.አ. በ1961 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሕፃናት ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ እንዲያዩ አደረገ። ያዩት ልጆች ካላዩት ይልቅ እነሱም ደበደቡት። በ1977 ደግሞ ሰው «እችላለሁ» ብሎ ማመኑ ምን ያህል እንደሚጥርና እንደሚጸና ይወስናል ብሎ ጻፈ።

ይህን ስሰማ አያቴን አሰብኩ። አያቴ በ1991 በዘመቻ ሰለሞን መጡ። ጎንደር ገጠር ሲኖሩ ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም። እኔ አንደኛ ክፍል ስገባ ማታ ማታ አጠገቤ ተቀምጠው የምጽፈውን የዕብራይስጥ ፊደል በደብተር ይገለብጡ ነበር። እኔ እሥቅ ነበር፤ እሳቸው ግን አልተዉም። አንድ ቀን ባንክ ሄደን በጣት አሻራ ፈንታ ስማቸውን ጽፈው ፈረሙ። ስንመለስ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ እጄን ብቻ አጥብቀው ያዙኝ።

ዘንድሮ በሂሳብ ፈተና ወደቅሁ። አንዲት አስተማሪ «ከ5 የሂዶት ወደ 3 ውረጅ፣ ይቀልሻል» አለችኝ። በዚያ ክፍል ከቤተ እስራኤል እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ እውነቷን ይሆናል ብዬ ሳምንት ሙሉ አሰብኩ። ለአያቴ ስነግራቸው ያንን ደብተር አወጡ። «ልጄ፣ እስቲ ቁጠሪ» አሉኝ። 11 ገጽ ሙሉ አሌፍ ብቻ ነበር።

ባንዱራ እንደሚለው፣ ሰው እንደ እሱ ያለ ሰው ሲሳካለት ካየ በራሱ ያምናል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ራሱ ሞክሮ ሲሳካለት ነው። የመጀመሪያውን ከአያቴ አግኝቻለሁ። ለሁለተኛው በ5 የሂዶት ቆይቻለሁ፤ ፈተናው ገና ነው።