ጽፎ አለመገኘት

አንባቢ ሆይ! የፈተና ማስታወቂያ በኢንተርኔት ወጥቶ ሳለ፥ ተማሪው በጉግል ፈልጎ አጥቶት ቀኑ ቢያልፍበት፥ «ወጥቶ ነበር እኮ» ማለት ምን ያጽናናዋል? ጽፎ አለመገኘት ካለመጻፍ አይሻልም።

ብዙ ሰዎች ከሁሉ በላይ ለመታየት መላው ማሽኑን ማታለል ይመስላቸዋል። እኔ ግን «ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል» የተባለውን አምናለሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ጉግል «ፓንዳ» በተባለው ለውጡ ፍሬ ቢስና የተገለበጡ ገጾችን፥ በ2012 ደግሞ «ፔንግዊን» በተባለው አንድ ቃል ያለ ልክ የሚደጋግሙትንና ወደ ገጻቸው የሚያመለክት ሊንክ በገንዘብ የሚገዙትን ወደ ታች አወረዳቸው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አርእስትህ «ማስታወቂያ ቁጥር 3» አይሁን፤ የምን ፈተና፥ የየትኛው ዓመት እንደ ሆነ ይናገር። ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ፎቶውን ብቻ አትለጥፍ፤ ቃሉን በፊደል ጻፈው። አንተ «ፀሐይ» ያልኸውን ሌላው «ጸሃይ» ብሎ ይፈልገዋል፤ ለማሽኑ ሁለት ቃል ሊሆንበት ይችላልና እንዲህ ያለ ስም ሲያጋጥምህ ሁለቱንም አጻጻፍ በጽሑፍህ ውስጥ አስገባ።

ዐቢይ ለውጥ ሲመጣ ጉግል ራሱ ያስታውቃል። ያን ጊዜ ገጽህ ቢወርድ አትደንግጥ፤ ለውጡ እስኪያልቅ ታግሠህ የትኛው ጽሑፍ እንደ ወረደ መርምር፥ የጎደለውንም ሙላ።

እኔስ አንድ ነገር ከማውጣቴ በፊት ከጎረቤት ተማሪዎች አንዱን «ይህን ብትፈልግ ምን ብለህ ትጽፋለህ?» እያልሁ እጠይቃለሁ። የማሽኑ ሥርዐት ቢለዋወጥም ፈላጊው ሰው ነውና፥ አርእስቴን የምወስደው ከእርሱ አፍ ነው።