በክብሪት ቀፎ የተላከ ድምፅ

«ይችን ለእታለም አድርስልኝ» ብዬ የክብሪት ቀፎ ስሰጠው ነጋዴው ግራ ገብቶት አየኝ። ቀፎዋን ገፋ አድርጎ ሲከፍታት፣ በእንጨቶቹ መካከል ጥፍር የምታህል ሜሞሪ ካርድ በጨርቅ ተጠቅልላ አገኘ።

«ምን አለባት?» አለኝ።

«ድምፄ» አልኩት።

ሳቀና በደረት ኪሱ ከተታት። ቦታው መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ ነው፤ ጊዜው መስከረም 2016 ዓ.ም.።

ጎጃም በረንዳን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጎጃም የመጣ ሰው የአገሩን ልጅ የሚያገኝበት፣ ረከስ ያለ አልጋ የሚይዝበት፣ ያመጣውን ሸጦ የሚሸምተውን የሚሸምትበት ሰፈር ነው። ለብዙ ዓመታት የአእምሮ ሕሙማንን ሲያክም የኖረው አማኑኤል ሆስፒታልም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ዘመዳቸውን ለማሳከም ከአገር ቤት የሚመጡ ሰዎች በሰፈሩ ሲያድሩ አይቻለሁ። ስለዚህ እዚያ ስለ በሽተኛ ማውራት እንግዳ ነገር አይደለም።

እናታችን ከቢቸና ወጣ ባለ ገጠር ከታላቅ እህቴ ጋር ትኖራለች። ነገሩ የጀመረው በጨው ነበር። ወጡ ሁለቴ፣ ሦስቴ ጨው ይገባበት ጀመር። ቀጥሎ ገበያ ውላ የሸጠችው የእንቁላል ሒሳብ ይጠፋባት ያዘ። በሦስተኛው ዓመት አንድ ማለዳ እታለም ቡና ስታቀርብላት፣ «ተባረኪ ልጄ፤ ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

ጎረቤት «ጃጀች» አለ። ሌላው «ጠበል ውሰዷት» አለ፤ ተወሰደች። «ጃጀች» የምትለው ቃል ግን ብዙ ነገር ትሸፍናለች። እርጅና ከሆነ ምን ይደረጋል ተብሎ ይተዋልና። የመርሳት በሽታ እርጅና ብቻ አይደለም፤ አንጎልን የሚጎዳ ሕመም ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1901 ፍራንክፈርት ውስጥ የመረመራት ኦጉስተ ዴተር ገና 51 ዓመቷ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 ስትሞት አንጎሏን መርምሮ ያገኘው ጉዳት ነው ዛሬ በስሙ ለሚጠራው በሽታ መነሻ የሆነው። የሚያድን መድኃኒት እስካሁን አልተገኘለትም። እናም ሸክሙ በአብዛኛው የሚወድቀው በአስታማሚው ላይ ነው።

እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ አስታማሚዋን ልረዳ ተነሳሁ። የዓለም ጤና ድርጅት «አይሰፖርት» የተባለ፣ የመርሳት በሽተኛ ለሚያስታምሙ ቤተሰቦች በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በመጽሐፍ መልክም አውጥቶታል። አምስት ክፍሎች አሉት። እኔ ስለ ዕለት ተዕለት እንክብካቤ የሚያወሳውን አራተኛውንና ስለ ጠባይ ለውጥ የሚናገረውን አምስተኛውን እየቆነጠርሁ፣ በእህቴ ልጅ ስልክ በቴሌግራም በድምፅ እልክላት ነበር። «አትከራከሪያት»፣ «በሰዓቱ አብያት»፣ «ቤቱን አታቀያይሪባት»። እታለም «እሺ ወንድምዓለም» ትላለች። እሺታዋ እያደር አጠረ።

ሐምሌ 2015 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ አንድ ሌሊት ድምፅ ላከችልኝ። «ወንድምዓለም፣ ትናንት ማታ በመቀነት አሰርኋት» የምትል ብቻ ናት። ደሜ ፈላ። ያስተማርኋትን ሁሉ እየጠቀስሁ፣ እናትን ማሰር ምን ማለት እንደሆነ ዘርዝሬ ተቆጣሁና ላክሁ። መልስ አልመጣም። በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ስልኩም አንድ ቀን ሲሠራ ሦስት ቀን ይጠፋል። በመካከላችን የቀረው የመጨረሻ ነገር ቁጣዬ ሆነ።

ጭንቀቴን ለአንድ የአእምሮ ጤና ነርስ ወዳጄ ባጫውተው፣ «እህትህ በሌሊት ስንት ሰዓት ትተኛለች?» አለኝ። አላውቅም። «እሷስ ስትታመም ማን ይተካታል?» አላውቅም። ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን ከፈትሁት። ዘልዬው ያለፍሁት ሦስተኛው ክፍል ስለ በሽተኛው አይደለም፤ አስታማሚው ራሱን እንዴት እንደሚጠብቅ የሚናገር ነው። እኔ ለካ ለእናቴ እንጂ ለእህቴ አንዲት ቃል አልላክሁም።

የክብሪት ቀፎዋ ታሪክ ይኸው ነው። ድሮ ዘመድ ለዘመድ ድምፁን በካሴት ቀድቶ በመንገደኛ ይልክ እንደነበረው፣ እኔም ይቅርታዬንና ሁለቱን ጥያቄዎች ቀድቼ በነጋዴው እጅ ላክሁ።

በ19ኛው ቀን ነጋዴው ተመለሰ። የአገሬ ልጅ ከሆነ አንድ ባለሱቅ ዘንድ ቁጭ ብለን ካርዷን ስልኬ ውስጥ ከተትኋት። እታለም መጀመሪያ «ሰው ካለ ይስማ፤ የሚደበቅ የለኝም» አለች። ከዚያ 40 ደቂቃ ያህል ተናገረች።

«ተቆጥተህ ነበር፤ እኔም ተቆጥቼ ነበር። እምዬ ሌሊት ሌሊት ‹ውኃ ልቅዳ› ብላ እንስራ ፍለጋ ትነሳለች። ወንዙ እንደሆነ ሞልቷል። አራት ሌሊት ዓይኔ አልተከደነም። የመቀነቱን አንዱን ጫፍ በእጇ፣ ሌላውን በእኔ ክንድ ነበር ያሰርሁት፤ ስትነሳ እንድነቃ ብዬ። አንተ ሌላው ጫፍ የት እንደሆነ አልጠየቅኸኝም።»

ባለሱቁ ሚዛኑን ትቶ ቆመ። እኔ ቀና ማለት አቃተኝ።

«አሁን መቀነቱን ትቼዋለሁ። የበቅሏችንን ቃጭል በሩ ላይ አንጠልጥያለሁ፤ ስትገፋው ይጮኻል፣ እነቃለሁ። ቀን ቀን ጥጥና እንዝርት እሰጣታለሁ። ስሜን ረስታ እንዝርቱን አልረሳችም። የፈተለች ዕለት ማታ ይሻላታል።» በልጅነት የተለመደ የእጅ ሥራ ከስምና ከቀን ይልቅ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ እንደሚጠፋ ኋላ ያ ነርስ ነገረኝ። እታለም ግን ሳትማረው ደርሳበታለች።

ድምፁ ሲያበቃ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ «የኔም ባለቤት እንዲሁ ናት» አሉ። «ቃጭሉን የት ላይ ነው ያሰረችው? ከላይ ነው ከታች?» እንደገና ከፍተን ሰማን። አንዲት ቅቤ ይዘው የመጡ እናትም ስለ አባታቸው ማውራት ጀመሩ። በዚያች ጠባብ ሱቅ የእኔ ምክር ለማንም አልጠቀመም፤ የሁሉንም ጆሮ የያዘው የእታለም ድምፅ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በቤተሰብ ከሚሰጠው የእንክብካቤ ሰዓት 70 በመቶውን የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው። አገራችን ገበሬን በድምፅ መርዳት ታውቅበታለች፤ በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 የስልክ መስመር ማንበብ የማይችለውም ገበሬ በቋንቋው ስለ ዘርና ማዳበሪያ በነፃ እንዲሰማ ያደረገ ነው። ስለ ጤፍ የሚቻል ከሆነ ስለ አስታማሚ ለምን አይቻልም? ታዲያ መስመሩ የሚናገር ብቻ ሳይሆን የሚሰማም ይሁን። አስታማሚዋ የምታውቀውን ለሌላዋ አስታማሚ ያድርስ።

ሁለተኛዋ ካርድ በጥር መጣች። አጭር ናት። «ምክርህ ደርሶኛል፣ ብሩም ደርሶኛል። እንቅልፍ ግን በካርድ አይላክም። መንገድ ሲከፈት ና።»

ሄድሁ። 15 ሌሊት አደርሁ። በመጀመሪያው ሌሊት ቃጭሉ ጮኸ። እምዬ በሩ ሥር ቆማለች።

«ውኃ ልቅዳ» አለችኝ።

«ገና አልነጋም እምዬ። ሲነጋ አብረን እንወርዳለን።»

ትክ ብላ አየችኝ። «አንተ የማን ልጅ ነህ?»

ስሜን ልናገር አፌን ከፈትሁና ተውሁት። «የዚሁ ቤት ነኝ» አልኋት። እጇን ይዤ መደቡ ላይ አስቀመጥኋት። ቃጭሉ ሌላ ሁለት ጊዜ ጮኸ። እታለም ግን ከጋቢዋ ሥር እስኪነጋ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም።